ያረጀው ሎኮሞቲቭ በማን እጅ ይተካል?

እንደሚታወቀው ሁሉ ምድር ባቡር ሲነሣ የብዙ ሰው ሐሳብ ወዲያው የሚሄደው ወደ ሀዲዱ፣ ወደ ጣቢያው ወይም ወደ ትኬቱ ዋጋ ነው። ፉርጎዎቹን ከፊት ሆኖ ስለሚጎትተው ሎኮሞቲቭ፣ በተለይም ሎኮሞቲቩ አርጅቶ በሌላ ስለሚተካበት ሁኔታ የሚወያይ የቀበሌ ስብሰባ ወይም የሠራተኛ ማኅበር እምብዛም አይገኝም። ጉዳዩ የመሐንዲሶችና የሂሳብ ሹሞች የግል ርስት ሆኖ ቆይቷል። እኛ ይህን አመለካከት አንቀበለውም። በሕዝብ ሀብት የተገዛ የማምረቻ መሣሪያ መቼ አረጀ እንደሚባል፣ በምን እንደሚተካና የሚተካውንም ማን እንደሚጠግነው መወሰን የአንድን አገር የኢኮኖሚ ነጻነት በቀጥታ የሚነካ ጥያቄ ነው። የድሬዳዋ፣ የሜኤሶና የአዋሽ ነዋሪ ይህን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከኑሮው ያውቀዋል። የናፍጣው ባቡር መምጣቱን ባቆመ ጊዜ በእነዚህ ከተሞች ከሞተሩ ድምፅ ጋር አብሮ የጠፋው ብዙ ነውና።

በመጀመሪያ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ሲባል ብዙዎቻችን እንደ ትልቅ የጭነት መኪና አድርገን እናስበዋለን። ይሁን እንጂ አብዛኞቹ የናፍጣ ሎኮሞቲቮች በተሽከርካሪ ላይ የተጫኑ አነስተኛ የኃይል ማመንጫዎች ናቸው። የናፍጣው ሞተር ጄኔሬተሩን ያዞራል፤ ጄኔሬተሩ የሚያመነጨው ኤሌክትሪክ ከጎማ ፋንታ ብረት ላይ የሚሽከረከሩትን እግሮች ለሚነዱት ሞተሮች ይሰጣል። ስለዚህ እርጅናው በአንድ ወገን ብቻ አይመጣም። ፒስተኑና ሲሊንደሩ ይበላሉ፤ የናፍጣ መርጫው ይደፈናል፤ የኤሌክትሪክ ሞተሮቹ ጥቅል ሽቦዎች ሽፋናቸው በሙቀትና በአቧራ ይሰነጠቃል፤ ከሥር ያለው የብረት አካል በዘመናት ንዝረት ይደክማል። የመንገደኛ ባቡር የሚጎትት ሲሆን ደግሞ ለፉርጎዎቹ መብራትና አየር ማቀዝቀዣ የሚሆን ኃይል መስጠት ሊጠበቅበት ይችላል። ይህ ሁሉ ሸክም ያለበት መሣሪያ በአግባቡ ከተያዘ ሠላሳ ዓመትና ከዚያም በላይ ያገለግላል። በአግባቡ ካልተያዘ በአሥር ዓመቱ ሽማግሌ ይሆናል። ከዚህ የምንረዳው የሎኮሞቲቭ ዕድሜ የሚለካው በቀን መቁጠሪያ ብቻ ሳይሆን በመለዋወጫው፣ በቅባቱና በሚነካው እጅ ብቃት ጭምር መሆኑን ነው።

ይህን እውነት ከእኛው ምድር ባቡር ታሪክ የበለጠ አጉልቶ የሚያሳይ አይገኝም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ መነሻነት የተጸነሰው መንገድ በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሥቶ፣ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ፣ ኩባንያው ከስሮ በሌላ ከተተካ በኋላ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። የሀዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነበር። ባለቤትነቱም ሆነ ቴክኒኩ በአመዛኙ የፈረንሣይ ነበር፤ የመሥሪያ ቤቱ ቋንቋ ሳይቀር ፈረንሣይኛ ነበር። የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች ውሃ በጠፋበት በረሃ ውሃ እየለመኑ ለአሥርት ዓመታት ከሠሩ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ የናፍጣ ሎኮሞቲቮችና ባለሞተር የመንገደኛ ፉርጎዎች ቦታቸውን ወሰዱ። በጊዜው ይህ ታላቅ እድገት ነበር። ለጅቡቲና ለአፋር በረሃ ውሃ የማይጠይቅ ሞተር ምን ማለት እንደሆነ የእንፋሎቱን ዘመን የሠሩ አባቶች ለልጆቻቸው ሲያወሩት ኖረዋል።

ነገር ግን በዚያው እድገት ውስጥ አንድ ቅራኔ ተደብቆ ነበር። የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ከባድ ቢሆንም ምሥጢሩ ግልጽ ነው፤ ብረት ማቅለጥና መቀጥቀጥ የሚችል ወርክሾፕ አብዛኛውን ክፍሉን ሊሠራለት ይችላል። የናፍጣው ሎኮሞቲቭ ግን የረቀቀ የመርጫ ፓምፕ፣ ልዩ የብረት ቅይጥና በፋብሪካ ብቻ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ክፍል ይዞ መጣ። ስለሆነም ሞተሩ በተለወጠ ቁጥር ጥገኝነቱም ከከሰል ወደ ናፍጣ፣ ከቀጥቃጭ መዶሻ ወደ ባሕር ማዶ ካታሎግ ተሸጋገረ። የድሬዳዋው የጥገና ወርክሾፕ ሠራተኞች ይህን ክፍተት በላባቸው ለመሙላት የሞከሩበት ታሪክ ገና በሚገባው መጠን አልተጻፈም። ከቆመው ሎኮሞቲቭ ፈትተው ለሚሄደው በመግጠም፣ ያልመጣውን መለዋወጫ በቶርኖ ማሽን ቀርጸው በማውጣት፣ አምራቹ ጡረታ ያወጣውን መሣሪያ ለዓመታት በሕይወት አቆይተዋል። ከዚራ በተባለው ሰፈር ያደገ ማንኛውም ሰው «ምድር ባቡር» ሲባል መጀመሪያ የሚመጣበት ሥዕል የቱታ ልብስ የለበሰ፣ ፈረንሣይኛና አማርኛ፣ ሶማሊኛና ኦሮምኛ የሚቀላቅል ባለሙያ ነው።

ይሁን እንጂ የሠራተኛ ጀግንነት የዕቅድን ቦታ ሊተካ አይችልም። እዚህ ላይ ነው ብዙዎች የሚስቱት። እ.ኤ.አ. በ1977 የተቀሰቀሰው የሶማሊያ ወረራ መንገዱን ቆርጦ ድልድዮቹን ጎዳ። እ.ኤ.አ. በ1981 ኩባንያው በኢትዮጵያና በጅቡቲ የጋራ ባለቤትነት እንደገና ቢደራጅም የሀዲዱ ቅጥነት፣ የጣቢያዎቹ ድካምና የሎኮሞቲቮቹ እርጅና እርስ በርስ እየተመጋገቡ ሄዱ። ሎኮሞቲቭ ሲጎድል ባቡር ይቀንሳል፤ ባቡር ሲቀንስ ገቢ ይወድቃል፤ ገቢ ሲወድቅ መለዋወጫ አይገዛም፤ መለዋወጫ ሲጠፋ ሌላ ሎኮሞቲቭ ይቆማል። ይህ አዙሪት በዋናነት የሚጀምረው ከአንድ ጥያቄ መረሳት ነው፤ መሣሪያው ገና በመሥራት ላይ ሳለ ለምትኩ የሚሆን ገንዘብ በየዓመቱ ማን አስቀመጠ? መልሱ ማንም ነው። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተጀመረው የሀዲድ እድሳትም ሳይዘልቅ ቀረ። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል የነበረው አገልግሎት ተቋረጠ፤ ሞጆ፣ መተሐራ፣ አሰቦት፣ አፍደም፣ ኤረር የመሳሰሉት ጣቢያዎች ባቡር የማይቆምባቸው ጣቢያዎች ሆኑ። በየጣቢያው ሻይ፣ የተቀቀለ እንቁላልና ፍራፍሬ ለመንገደኛው እያቀረቡ ልጆቻቸውን ያሳደጉ እናቶች የድርጅቱ የደመወዝ መዝገብ ላይ አልነበሩምና ስንቶቹ ከሥራ እንደወጡ የቆጠረ አልነበረም።

ስለ እርጅና ስናወሳ የአዋሹን አደጋ ሳንጠቅስ ማለፍ አይቻለንም። በጥር ወር 1977 ዓ.ም. በአዋሽ አቅራቢያ አንድ የመንገደኛ ባቡር ኩርባ ላይ ከሀዲዱ ወጥቶ ገደል በመግባቱ ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ። በአህጉራችን ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ እጅግ ከከፉት አንዱ ነው። በወቅቱ የተሰጠው ምክንያት ባቡሩ ኩርባውን ፍጥነት ሳይቀንስ መግባቱ ነበር። ይህን የምናነሣው ያንን ትውልድ ለመክሰስ አይደለም። ፍጥነቱ ከተፈቀደው ሲያልፍ ነጂውን ሳይጠብቅ ፍሬን የሚይዝ መቆጣጠሪያ ዛሬ በምድር ባቡር ሥራ የታወቀ መሣሪያ ነው፤ የመንገደኛን ሕይወት በአንድ ሰው ንቃት ላይ ብቻ ማንጠልጠል የቀረ አሠራር ነው። እንግዲህ ያረጀን የመንገደኛ ሎኮሞቲቭ የመተካት ጥያቄ ከምቾትና ከፍጥነት በፊት የሰው ሕይወት ጥያቄ መሆኑን ለሂሳብ ሹሞቻችን ማሳሰብ ተገቢ ነው።

አሁን ወደ አዲሱ መንገድ እንምጣ። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የተዘረጋው ባለ 1,435 ሚሊ ሜትር ሀዲድ የኢትዮጵያው ክፍል መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቆ፣ ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ዓ.ም. መደበኛ የንግድ አገልግሎት ጀመረ። ርዝመቱ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ገንዘቡ በአብዛኛው ከቻይና ኤክስፖርት ኢምፖርት ባንክ የተገኘ ብድር ነው። ከሁሉ በላይ ለርዕሳችን የሚያስፈልገው ሐቅ ግን መንገዱ በኤሌክትሪክ የሚሠራ መሆኑ ነው። በግዢው ጊዜ ከቀረቡት 41 ሎኮሞቲቮች 35ቱ ኤሌክትሪክ ሲሆኑ የናፍጣዎቹ 6 ብቻ ናቸው፤ እነርሱም በዋናነት ጣቢያ ውስጥ ፉርጎ ለማቀናጀት የተመደቡ ናቸው። በአንድ ትውልድ ውስጥ ያረጀ ናፍጣን በአዲስ ናፍጣ ከመተካት ይልቅ የኃይሉን ምንጭ ራሱን የለወጠ ውሳኔ ነው።

ይህ ውሳኔ ትክክል ነበር ብለን በሙሉ ልብ እንናገራለን። የናፍጣ ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ ኃይል ወደ ሥራ የሚለውጠው አንድ ሦስተኛውን ገደማ ነው፤ የቀረው ሙቀትና ጢስ ሆኖ ይበተናል። አየሩ በሳሳበት ደጋ ደግሞ ይደክማል፤ ከባሕር ወለል ተነሥቶ ከ2,000 ሜትር በላይ ለሚወጣ መንገድ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ኤሌክትሪኩ ግን ከፍታ አያስጨንቀውም፤ ዘመናዊው ዓይነት ቁልቁል ሲወርድ ከፍሬኑ የሚያገኘውን ኃይል ወደ ሽቦው መመለስ ይችላል። ናፍጣው በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ፣ ኤሌክትሪኩ ግን ከራሳችን ወንዞች የሚወጣ መሆኑን ለመረዳት የኢኮኖሚ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ በአገሬው ሕዝብ ገንዘብና ቦንድ የተሠራ ነው። ቀበሌው ቦንድ የገዛበት ወንዝ የቀበሌውን ልጅ ወደ ድሬዳዋ የሚወስደውን ባቡር ቢጎትት ከዚህ የበለጠ የሰመረ የምርትና የፍጆታ ትስስር ከወዴት ይገኛል?

በሌላው ሰው ነዳጅ ላይ የቆመ የባቡር መርከብ ምን እንደሚገጥመው ታሪክ አስተምሯል። የጀርመን ዴሞክራቲክ ሪፐብሊክ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የኤሌክትሪክ ሽቦ ዝርጋታዋን አቀዝቅዛ በሶቪየት ኅብረት ናፍጣና በሶቪየት ሠራሽ የናፍጣ ሎኮሞቲቮች ላይ ተደገፈች። ወዳጅነቱ የጸና፣ ዋጋውም መልካም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 ሶቪየት ኅብረት የምትልከውን ዘይት ስትቀንስ ግን ስሌቱ በአንድ ጊዜ ተገለበጠ። በከሰል የሚሠሩ የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች ከማረፊያቸው ወጥተው እንደገና ሥራ ላይ ዋሉ፤ የሽቦ ዝርጋታውም በጥድፊያ ቀጠለ። በአውሮፓ መካከል ያለች፣ መሐንዲስ የሞላባት አገር ወደ እንፋሎት ተመለሰች። ከወዳጅ አገር የመጣም ቢሆን ያው የሌላ ሰው ነዳጅ ነበር።

እንግዲህ ሽቦ ተዘርግቷልና ጥያቄው አብቅቷል የሚሉ ወገኖች አሉ። ከእነርሱ ጋር የምንለየው እዚህ ላይ ነው። የኃይሉ ምንጭ የራሳችን ሆነ ማለት ሎኮሞቲቩ የራሳችን ሆነ ማለት አይደለም። ለዚህ ሩቅ ሳንሄድ የአዲስ አበባን ቀላል ባቡር ማየት ይበቃል። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. በ41 ባቡሮች ሥራ ሲጀምር በአካባቢው አገሮች አቻ አልነበረውም። ኤሌክትሪክ ነው፤ ናፍጣ አይጠጣም፤ አዲስ ነው። አሥር ዓመት እንኳ ሳይሞላው፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በወጡ ዘገባዎች እንደታየው፣ አብዛኞቹ ባቡሮች በመለዋወጫ እጥረትና በጥገና ጉድለት ቆመው ነበር። ከቃሊቲና ከአያት ጧት ሥራ ለመግባት በጣቢያው የተሰለፈው ሠራተኛ የከፈለውን ዋጋ ራሱ ያውቀዋል። እነዚያ ባቡሮች በእርጅና አልቆሙም። ያቆማቸው የድሬዳዋውን ናፍጣ ያቆመው ያው ምክንያት ነው፤ መለዋወጫው፣ የቁጥጥር ፕሮግራሙና የጥገና ዕውቀቱ በሻጩ እጅ መቅረቱ ነው። የትናንቱ ካታሎግ በፈረንሣይኛ ተጻፈ፣ የዛሬው በቻይንኛ ተጻፈ፤ ለወርክሾፑ ሠራተኛ ልዩነቱ የፊደሉ ቅርጽ ብቻ ከሆነ ምን ተራመድን?

ሁለተኛው የምንሟገትበት ነጥብ የመንገደኛው ቦታ ነው። ከ35ቱ ኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቮች ውስጥ በግዢው ጊዜ ለመንገደኛ የተመደቡት 3 ብቻ ሲሆኑ 32ቱ ለጭነት ናቸው፤ የመንገደኛ ፉርጎዎቹም 30 ናቸው። የጭነቱን አስፈላጊነት አንክድም። ወደብ የሌላት አገር ማዳበሪያዋንና ስንዴዋን በባቡር ካላስገባች በምን ታስገባለች? የባቡሩም ገቢ በአብዛኛው ከዚያ ነው። ነገር ግን ከ750 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ መንገደኛን የሚጎትቱ 3 ሎኮሞቲቮች ብቻ ሲኖሩ አንዱ ለእድሳት ሲገባና ሌላው ሲበላሽ የሚቀረው 1 ነው። ይህ መርከብ ሳይሆን የዕድል ጨዋታ ነው። ጣቢያዎቹም ከከተማ ርቀው መሠራታቸው ሳይረሳ ነው፤ ከለገሃር ተነሥቶ ለቡ፣ ከከዚራ ተነሥቶ ከድሬዳዋ ውጪ ወዳለው ጣቢያ ለመድረስ መንገደኛው በቅድሚያ ታክሲ መክፈል አለበት። የአሮጌው ናፍጣ ባቡር በከተማው እምብርት ይቆም ነበር። አዲሱ የበለጠ ፈጣን ሆኖ ሳለ ከሕዝቡ ራቅ ብሎ መቆሙ፣ ቴክኒካዊ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ የሰፊው ሕዝብ ጥያቄ ሆኖ ይቀጥላል።

መንገደኛ በጭነት ባለቤቶች ሀዲድ ላይ እንግዳ ሲሆን ምን እንደሚደርስበት ለማየት የካፒታሊዝም ማዕከል ወደሆነችው አሜሪካ እንመልከት። በዚያ የርቀት መንገደኞችን የሚያጓጉዘው አምትራክ አብዛኛው መንገዱ የግል የጭነት ኩባንያዎች ሀዲድ ነው። ባለቤቶቹ ለመንገደኛ ሲሉ ሽቦ አይዘረጉም፤ ትርፋቸው ከዚያ አይገኝምና። ስለዚህ እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2001 የተሠሩት የናፍጣ ሎኮሞቲቮች ሲያረጁ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ለሲመንስ የታዘዙት ምትኮቻቸውም ናፍጣ ሆኑ፤ የመጀመሪያዎቹ እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ ጀመሩ። አዲሶቹ ሞተሮች ጢሳቸው የቀነሰ፣ በአንጻራዊነትም የተሻሉ መሆናቸውን እንመሰክራለን። ሆኖም ጨረቃ ላይ ሰው ያሳረፈች አገር ከቺካጎ እስከ ፓሲፊክ ዳርቻ መንገደኛዋን ዛሬም በናፍጣ የምትጎትተው መሐንዲስ ጠፍቶ ሳይሆን ሀዲዱ የማን እንደሆነ ስለሚወስን ነው። የእኛ ሀዲድ የሕዝብ ነው። ይህን መልካም ዕድል ለመንገደኛው ካልተጠቀምንበት የባለቤትነቱ ትርጉም ምንድን ነው?

በአንጻሩ ከሕንድ የምንማረው አለ። ሕንድ በቫራናሲ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ፋብሪካዋን ያቋቋመችው በአሜሪካ ኩባንያ ፈቃድ ሲሆን የመጀመሪያው ሎኮሞቲቭ እ.ኤ.አ. በ1964 ወጣ። የሌላውን ንድፍ ተቀብላ ጀመረች፤ ግን ንድፉን ከነዕውቀቱ ተቀበለች። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ አገሪቱ ሀዲዷን ሁሉ በኤሌክትሪክ ለማድረግ ስትነሣ ይኸው ፋብሪካ ወደ ኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ ሥራ ተሸጋገረ። ሁለት ያረጁ የናፍጣ ሎኮሞቲቮችን አጣምሮ የ10 ሺህ ፈረስ ጉልበት ኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ እስከ ማድረግም ደረሰ። ሙከራው የብዙኀን ምርት መንገድ አለመሆኑ ሌላ ነገር ነው። ለእኛ የሚጠቅመው የናፍጣ ሙያተኛው ናፍጣው ሲያረጅ አብሮ አለመጣሉ ነው። የድሬዳዋው ናፍጣ ሙያተኛ ግን የአንድ ሜትሩ ሀዲድ ሲዘጋ የት ደረሰ? ጥቂቶቹ ወደ አዲሱ ድርጅት ተሻገሩ እንበል፤ የቀሩት ሙያቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ገቡ። አንድ ወርክሾፕ መቶ ዓመት ያከማቸውን ዕውቀት ቤት ለቤት በትኖ አዲስ ሠልጣኝ ከዜሮ ማስጀመር በየትኛውም የሂሳብ መዝገብ ያልተጻፈ፣ ነገር ግን ከሎኮሞቲቩ ዋጋ የማያንስ ኪሳራ ነው።

«መንገደኛ አያተርፍም፤ በአውቶቡስ ይሂድ፤ ገንዘቡ ለጭነት ሎኮሞቲቭ ይዋል» የሚለውን አስተያየት በአንዳንድ መሥሪያ ቤቶች እንሰማለን። አስተያየቱ በሂሳብ ልብስ የተሸፈነ በመሆኑ በጥንቃቄ መመርመር ይገባዋል። አውቶቡሱ የሚሄድበት አስፋልት ዋጋ ከትኬቱ ላይ አይቆረጥም፤ በመንግሥት በጀት ተሠርቶ በመንግሥት በጀት ይጠገናል። ባቡሩ ግን ሀዲዱን፣ ሽቦውንና ብድሩን ሁሉ ከራሱ ገቢ እንዲሸፍን ይጠበቅበታል። አንዱን በአንድ ሚዛን፣ ሌላውን በሌላ ሚዛን ለክቶ «ያኛው ያተርፋል» ማለት ንጽጽር አይባልም። ከዚህም በላይ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በናፍጣና በቤንዚን የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ይታወሳል። ከናፍጣ ለመውጣት የቆረጠች አገር መንገደኛዋን ከኤሌክትሪክ ባቡር አውርዳ ወደ ናፍጣ አውቶቡስ ብትመልስ ራሷን በራሷ ትቃረናለች።

በእርግጥ ኤሌክትሪክ የራሱ ደካማ ጎን አለው፤ ይህንን መደበቅ ለሠርቶ አደሩ አይበጅም። የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ሲበላሽ የሚቆመው አንድ ባቡር ነው፤ ሽቦው ሲቋረጥ ግን መንገዱ ሁሉ ይቆማል። በዚህ መንገድ ላይ የኤሌክትሪክ መቋረጥ፣ የኬብልና የብረት ስርቆት፣ ከብት በሀዲድ ላይ መገጨት በተደጋጋሚ ያጋጠሙ ችግሮች ናቸው። ስለዚህ ጥቂት የናፍጣ ሎኮሞቲቮችን በጥሩ ይዞታ ማቆየት ኋላ ቀርነት አይደለም። ኃይል በተቋረጠበት በረሃ መንገደኛ ጭኖ የቆመን ባቡር ጎትቶ የሚያወጣ እነርሱ ናቸው። እነዚያ 6ቱ እንደ ጠባቂ ተቆጥረው፣ ወቅታቸውን ጠብቀው ታድሰው፣ ሲያረጁም በጊዜው መተካት አለባቸው። ፉርጎ ማቀናጀት ብቻ ሥራቸው ነው ብሎ መርሳት አደገኛ ነው።

ስርቆቱንና ከብቱን በተመለከተ ደግሞ ጣታችንን ወደ ገጠሩ ነዋሪ ብቻ መቀሰር ፍትሕ አይሆንም። አርብቶ አደሩ ግጦሹ በሀዲድ ለሁለት ሲከፈል ማቋረጫ በበቂ ካልተሠራለት፣ ላሙ ስትሞት ካሣው ዓመት ሙሉ ካንከራተተው፣ ባቡሩም በመንደሩ ፊት ሳይቆም እያፏጨ ካለፈ ያን ባቡር የራሱ ሀብት አድርጎ የሚያይበት ምክንያት ምንድን ነው? የአሮጌው ባቡር ጣቢያ ለመንደሩ ገበያ ነበር፤ ሕዝቡም ይጠብቀው ነበር። የመንገደኛ ባቡር በአነስተኛ ጣቢያዎች መቆሙ ከማናቸውም ዘበኛ የበለጠ ጥበቃ ነው ብለን እናምናለን። ለዚህም ተጨማሪ የመንገደኛ ሎኮሞቲቭ ያስፈልጋል፤ በ3 ሎኮሞቲቮች አፍደምን ማቆም አይቻልም።

ከቻይና ኩባንያዎች ጋር የነበረው የስድስት ዓመት የሥራ አመራር ውል አብቅቶ በ2016 ዓ.ም. ሥራው በኢትዮጵያና በጅቡቲ እጅ መግባቱ ለምንለው ሁሉ በር ከፍቷል። ነጂው፣ ጣቢያ ኃላፊውና የጥገና ሠራተኛው የራሳችን ልጅ መሆን ጀምሯል። አሁን የሚቀረው ከመቀመጫው ወደ ሞተሩ መውረድ ነው። ከእንግዲህ የሚፈረም ማንኛውም የሎኮሞቲቭ ግዢ ውል ሙሉ የጥገና ሰነዱን፣ የቁጥጥር ፕሮግራሙን የመክፈት መብትና የተወሰኑ ክፍሎችን በአገር ውስጥ የመሥራት ፈቃድ ያላካተተ ከሆነ የሠራተኛ ማኅበሩ በግልጽ ሊቃወመው ይገባል። የጥገና መመሪያዎቹ ሠራተኛው በሚሠራባቸው ቋንቋዎች ይተርጎሙ፤ በቶርኖ ማሽን ላይ ያለ ሰው መዝገበ ቃላት ይዞ እንዲሠራ መጠበቅ ፌዝ ነው። በድሬዳዋ የቀሩትን ነባር ሙያተኞች ጉልበታቸው ሳያልቅ፣ ለሙዚየም አስጎብኚነት ሳይሆን ለአስተማሪነት መጥራትም ነገ የሚባል ሥራ አይደለም።

ከሁሉ በላይ ደግሞ የእርጅና ገንዘብ የሚባል ነገር ይኑር። አዲሶቹ ሎኮሞቲቮች ሥራ ከጀመሩ ጊዜው እየነጎደ ነው። ሠላሳ ዓመት ዕድሜ ቢሰጣቸው ምትካቸው የሚታዘዘው በ2040 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ ከባድ እድሳታቸው ግን ከዚያ አስቀድሞ በመካከሉ ይደርሳል። በየዓመቱ ከገቢው ላይ የተወሰነው ክፍል ለዚህ ብቻ ተለይቶ፣ ለሌላ ወጪ እንዳይነካ በሕግ ታስሮ ቢቀመጥ ያን ጊዜ ወደ አበዳሪ ባንክ የሚሄደው መልእክተኛ ባዶ እጁን አይሄድም። የምድር ባቡሩ ዓመታዊ ሪፖርት ሲወጣ የተጫነውን ቶንና የተሸጠውን ትኬት ከመቁጠር ባሻገር ስንት ሎኮሞቲቭ በሥራ ላይ እንዳለ፣ ስንቱ መለዋወጫ እየጠበቀ እንደቆመና ለምትክ ስንት ብር እንደተቀመጠ ለሕዝብ ይገለጽ። በመስመሩ ላይ ያሉ ቀበሌዎችና የድርጅቱ ሠራተኞች ማኅበር ይህን ቁጥር በየስብሰባቸው አጀንዳ አድርገው ይጠይቁ፤ ጥያቄውም በዘንድሮው ሪፖርት ይጀምር።